ክፍል፣ አባልና ንዑስ ግጣም፤ በኮምፒዩተር ለታገዘ ንድፍ የአማርኛ ስያሜ ስለ መስጠት

1. መነሻ

በሶሊድወርክስ፣ በኢንቬንተር፣ በፍሪካድና በመሳሰሉት የንድፍ ሶፍትዌሮች አንድ መሣሪያ ሲነደፍ ከሥዕሉ ጎን አንድ የስም ዝርዝር አብሮ ይታያል። ይህ ዝርዝር ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ እንደሚከፋፈል ዛፍ ነው፤ ከሁሉ በላይ የመሣሪያው ስም ይቀመጣል፣ ከሥሩ መሣሪያው የተገጣጠመባቸው ዐበይት አካላት፣ ከእነዚያም ሥር ደቃቆቹ በየደረጃቸው ይሰለፋሉ። ንድፍ ሠሪው በሥዕሉ ላይ ቢሳሳት ስሕተቱ ወዲያው ለዓይን ይታያል። በዝርዝሩ አከፋፈልና አሰያየም ላይ ቢሳሳት ግን ስሕተቱ ተሸሽጎ ይቆይና ሥራው ወደ ብረት ቤቱና ወደ አናጺው ሲደርስ ይገለጣል፤ ያልታሰበው ክፍል ይለወጣል፣ ሁለት የሚያስፈልገው አንድ ብቻ ይታዘዛል፣ ለአንዱ መሣሪያ የተደረገው ማሻሻያ ሌላውን ያበላሻል።

የእንግሊዝኛው ሙያዊ አነጋገር ለዚህ ሥራ ቢያንስ አራት የተለያዩ ስሞች አሉት፤ ፓርት፣ ኮምፖነንት፣ አሴምብሊና ሰብ አሴምብሊ ይላቸዋል። በአማርኛ ሲነገር ግን አራቱም ብዙውን ጊዜ «ክፍል»፣ «ዕቃ» ወይም «መለዋወጫ» በሚባሉ ቃላት ይጠቃለላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጽንሰ ሐሳቦቹ መካከል ያለውን ልዩነት ማስረዳት፣ ለእያንዳንዱም አቻ ቃል ማቅረብ ነው። ለማስረጃነት የተመረጠው የአገራችን ማረሻ ነው። ምክንያቱም ማረሻ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአዲስ ቅዳም አካባቢም ሆነ በሌላው የደጋና የወይና ደጋ አገር ተማሪው ሁሉ የሚያውቀው፣ አካላቱም ሁሉ ስም ያላቸው ግጥምጥም መሣሪያ ስለ ሆነ ነው።

2. አንድ ስም በሁለት ደረጃ

«ማረሻ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ገበሬው «ማረሻዬን አንጥረኛ ዘንድ ላኩት» ሲል የሚናገረው መሬቱን ስለሚሰነጥቀው ብረት ነው። «ማረሻ የሌለው ገበሬ» ሲባል ግን የሚታሰበው መሣሪያው በሙሉ ነው። ሰሚው ከነገሩ አገባብ ስለሚረዳ በንግግር ላይ ምንም ችግር አይፈጠርም። የክፍሉን ስም ለጠቅላላው ማዋል በአማርኛ የተለመደ ነው፤ የቤተ ሰቡን ብዛት በጢስ ቁጥር፣ የበሬውን ሀብት በጥማድ ቁጥር እንደ መናገር ያለ ነው።

ኮምፒዩተር ግን አገባብን አያይም። በንድፍ ዛፉ ላይ ብረቱም ጠቅላላው መሣሪያም «ማረሻ» ተብለው ቢመዘገቡ፣ የዕቃ ማዘዣ ዝርዝሩ ሲወጣ የአንጥረኛው ሥራና የመሣሪያው ሁሉ ሥራ በአንድ ስም ይቀርባል። በፋብሪካ ምርት ላይም እንዲሁ ነው። «ፓምፕ» ማለት ውኃውን የሚገፋው አካል ብቻ ነው ወይስ ሞተሩንና መቀመጫውን ጨምሮ ነው? ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ሊሆን ይገባዋል፤ አንድ ስም በዛፉ ላይ ከአንድ ደረጃ በላይ አይውልም። የጠቅላላውና የክፍሉ ስም አንድ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ለጠቅላላው «ሙሉ» የሚል ቅጽል ይጨመርለታል። በዚህም መሠረት «ማረሻ» ለብረቱ፣ «ሙሉ ማረሻ» ለመሣሪያው ይሆናል።

3. የአቻ ቃላት ምርጫ

ሁለተኛው ጥያቄ የደረጃዎቹ መጠሪያ ነው። ከአንድ ወጥ ነገር ለተሠራው፣ ከዚያ በታች ሊፈታ ለማይችለው አካል በቅድሚያ የሚታሰበው «መለዋወጫ» ይሆናል። ነገር ግን ይህ ቃል የሚናገረው ስለ አገልግሎት እንጂ ስለ አሠራር አይደለም፤ መለዋወጫ አንድ ብሎን ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሙሉ ሞተርም ሊሆን ይችላል። «ብልት» በትርጉሙ የቀረበ ነው፤ በሬ የሚያርድ ሰው «ብልት አዋቂ» የሚባለው እያንዳንዱን ክፍል በተፈጥሮ መጋጠሚያው ላይ ለይቶ ስለሚያወጣ ነው። ሆኖም ቃሉ በክፍል ውስጥ ሲነገር የሚያስከትለው ሌላ ትርጉም ለትምህርት አይመችም። ስለዚህ በሰፊው የታወቀው «ክፍል» ይበቃል፤ አሻሚ በሚሆንበት ቦታ «ነጠላ ክፍል» ማለት ይቻላል።

ከክፍሎች ተገጣጥሞ ለተገኘው ነገር «መገጣጠሚያ» የሚለው ተሞክሯል። ይህ ግን የመሣሪያና የቦታ ስም ነው፤ አጥንት ከአጥንት የሚገናኝበትንም፣ መኪና የሚገጣጠምበትንም ፋብሪካ ይጠራል። ከዚሁ ግስ የወጣው «ግጥም» በቅኔና በዜማ ሥራ ተይዟል፤ «ግጥሚያ» በስፖርት ተይዟል። የቀረው «ግጣም» ነው። ይህ ቃል በዕለት ንግግር እምብዛም ስለማይሠራበት ለአዲስ ትርጉም የተመቸ ነው፤ አወጣጡም ከ«ጠመደ» «ጥማድ» እንደሚወጣው ሁሉ ከ«ገጠመ» የወጣ ነው። ጥማድ ማለት ሁለት በሬዎች ተጠምደው አንድ ሆነው የሚቆጠሩበት ስም እንደ ሆነ፣ ግጣምም ብዙ ክፍሎች ተገጥመው አንድ ሆነው የሚቆጠሩበት ስም ይሆናል። በሌላ ግጣም ውስጥ የገባው ግጣም «ንዑስ ግጣም» ይባላል፤ «ንዑስ ኮሚቴ» እና «ንዑስ ክፍል» በሚሉት ይህ አሰያየም ቀድሞ የተለመደ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግረው ኮምፖነንት የሚባለው ነው። ብዙዎች ከነጠላ ክፍል ጋር አንድ ያደርጉታል። በንድፍ ሶፍትዌር ግን ይህ ቃል የሚያመለክተው የነገሩን ዐይነት ሳይሆን የነገሩን ሥፍራ ነው፤ በአንድ ግጣም ውስጥ በቀጥታ የገባ ማንኛውም ነገር፣ ነጠላ ክፍልም ሆነ ንዑስ ግጣም፣ የዚያ ግጣም ኮምፖነንት ይባላል። ለዚህ «አባል» የተስማማ ነው። በማኅበር ውስጥ አንድ ሰው አባል እንደሚሆን፣ በማኅበራት ኅብረት ውስጥም አንድ ማኅበር በሙሉ አባል ይሆናል። በሒሳብ ትምህርትም የስብስብ አባል የሚለው አነጋገር የታወቀ ነው። እንግዲህ ክፍልና ግጣም የነገሩ ዐይነቶች ሲሆኑ፣ አባልነት ግን በሌላ ነገር ውስጥ የሚያገኘው ሥፍራ ነው።

4. የማረሻው ዛፍ

የማረሻ አካላት ስም ከአገር አገር መጠነኛ ልዩነት አለው። ለምሳሌያችን የሚበቃው የተቃለለ ዝርዝር የሚከተለው ነው፤ እርፍ 1፣ ማረሻ 1፣ ወገል 1፣ ድግር 2፣ ሞፈር 1፣ ምራን 1፣ ቀንበር 1፣ ማነቆ 4። በጠቅላላው 12 ክፍሎች ሲሆኑ፣ ስማቸው ግን 8 ብቻ ነው።

እነዚህን 12 ክፍሎች በአንድ ደረጃ ደርድሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጀማሪው ንድፍ ሠሪም ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ገበሬው ግን እንዲህ አያደርግም። ውሎው ሲያበቃ ምራኑን ይፈታል፤ ቀንበሩ ከነማነቆዎቹ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ እርፉ ማረሻውን፣ ወገሉንና ድግሮቹን እንደ ያዘ ይቀራል። ማረሻው ሲዶለዱም ብቻ ከወገሉ ወጥቶ ወደ አንጥረኛ ይላካል። እዚህ ላይ ሁለት ዐይነት መፍቻ እንዳለ እናስተውል፤ አንዱ በየዕለቱ የሚፈታ ነው፣ ሁለተኛው ለጥገና ብቻ የሚፈታ ነው። በየዕለቱ የሚፈታው በላይኛው ደረጃ ላይ ያሉትን አባላት ይለያያል፤ ለጥገና የሚፈታው ደግሞ በንዑስ ግጣሙ ውስጥ ያሉትን ይለያያል።

በዚሁ አከፋፈል መሠረት «ሙሉ ማረሻ» የተባለው ግጣም 4 አባላት ይኖሩታል። እነርሱም የእርፍ ግጣም፣ ሞፈር፣ ምራንና የቀንበር ግጣም ናቸው። የእርፍ ግጣም እርፍን፣ ማረሻን፣ ወገልንና 2 ድግሮችን ይይዛል፤ የቀንበር ግጣም ቀንበርንና 4 ማነቆዎችን ይይዛል። ሞፈርና ምራን ነጠላ ክፍሎች ሆነው ሳሉ ከሁለቱ ንዑስ ግጣሞች ጋር በአንድ ደረጃ አባል መሆናቸውን ልብ ይሏል።

የዚህ አከፋፈል ጥቅም በስሌት ሊታይ ይችላል። በአየር ላይ የተለቀቀ አንድ ጠጣር አካል 6 ዐይነት እንቅስቃሴ አለው፤ በ3 አቅጣጫ ይሄዳል፣ በ3 አቅጣጫም ይዞራል። ለስሌቱ ያህል ምራኑንም እንደ ጠጣር ብንቆጥረው፣ 12ቱ ክፍሎች በአንድ ደረጃ ሲደረደሩ አንዱ መሠረት ሆኖ ይተከልና የቀሩት 11 ክፍሎች 66 ዐይነት እንቅስቃሴ ይኖራቸዋል፤ ንድፍ ሠሪው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጋፈጣል። በንዑስ ግጣም ሲከፈል ግን በላይኛው ደረጃ 18፣ በእርፍ ግጣም ውስጥ 24፣ በቀንበር ግጣም ውስጥ 24 ይሆናል። ድምሩ ያው 66 ነው። ሥራው አልቀነሰም፤ ነገር ግን ንድፍ ሠሪው በአንድ ጊዜ ከ24 በላይ አይገጥመውም፣ የአንዱም ስሕተት ወደ ሌላው አይዛመትም።

ስለዚህ ክፍሎችን በአንድ ንዑስ ግጣም ለመሰብሰብ አራት መመዘኛዎችን መጠየቅ ይበቃል። አብረው ይንቀሳቀሳሉን? አብረው ይፈታሉን፣ አብረውስ ይቀመጣሉን? በአንድ እጅ ወይም በአንድ ሥራ ቤት ይሠራሉን? በሌላ መሣሪያ ላይ እንዳሉ ተመልሰው ይገባሉን? ከአራቱ ለአንዱም አዎን የሚል መልስ ያልተገኘለት ስብስብ፣ በሥዕሉ ላይ ጎን ለጎን ስለ ተቀመጠ ብቻ ንዑስ ግጣም ሊሆን አይገባውም።

5. አብነትና ወኪል

ከላይ እንደ ተመለከተው 12 ክፍሎች 8 ስሞች ብቻ አሏቸው። አራቱ ማነቆዎች አራት ጊዜ አይነደፉም፤ አንድ ጊዜ ተነድፈው አራት ቦታ ይቀመጣሉ። ይህ ሐሳብ ከኮምፒዩተር ንድፍ ጋር እኩል ዕድሜ ያለው ነው። ኢቫን ሰዘርላንድ በ1963 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማዕርግ ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለው ሥራ፣ አንድ ሥዕል እንደ ዋና ተይዞ በየቦታው እንዲታይ፣ ዋናው ሲለወጥም የታየው ሁሉ አብሮ እንዲለወጥ ያደርግ ነበር። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተከታታይ ያወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 10303 የተባለው ደረጃም የክፍሉን ፍቺ ለብቻው፣ ክፍሉ በግጣም ውስጥ የዋለበትን ሥፍራ ለብቻው ይመዘግባል።

ይህን «ቅጂ» ወይም «ግልባጭ» ማለት ያሳስታል። ግልባጭ ከተወሰደ በኋላ ዋናው ቢሰረዝም ግልባጩ እንዳለ ይኖራል። በንድፍ ሶፍትዌር ግን የግጣሙ ፋይል የክፍሉን ቅርጽ ገልብጦ አይዝም፤ ክፍሉ ያለበትን ፋይልና የሚቀመጥበትን ሥፍራ ብቻ ይጠቁማል። የክፍሉ ፋይል ከሶፍትዌሩ ውጭ ስሙ ቢለወጥ ወይም ቦታው ቢዛወር ግጣሙ ሊያገኘው የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለዋናው «አብነት»፣ በግጣሙ ውስጥ ለሚታየው «ወኪል» የሚሉትን እናቀርባለን። ወኪል በራሱ ሥልጣን የለውም፤ ወካዩ የወሰነው ይጸናበታል።

የዚህን ልዩነት ክብደት አንድ የታወቀ ሥራ ያስረዳል። በአዲስ አበባ በ1974 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና በኋላ በዓለም አቀፉ የከብት ምርምር ተቋም የተጠቃለለው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ማዕከል፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ውኃ ለሚያቁረው ጥቁር መሬት የመደብ ማውጫ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። መሣሪያው የተገኘው ሁለት የአገር ማረሻዎች ሞፈራቸው አጥሮ ጎን ለጎን በመያያዛቸው ነው። ይህን በንድፍ ሶፍትዌር ለማዘጋጀት የእርፍ ግጣምን አብነት ወስዶ ሁለት ጊዜ መወከል ይበቃል። ሞፈሩን በሚመለከት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ንድፍ ሠሪው የሞፈሩን አብነት ከፍቶ ቢያሳጥር፣ በሌላው ንድፍ ያለው የተራው ማረሻ ሞፈርም አብሮ ያጥራል፤ ከበሬው ትከሻ የማይደርስ ሞፈር ይነደፋል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሌላ ወኪል ሳይሆን ሌላ ዐይነት ነው፤ ለዚህም ከዘር ሥራ የታወቀውን «ዝርያ» የሚለውን ቃል ማዋል ይቻላል። አጭር ሞፈር የሞፈር ዝርያ ነው።

ስለ ድግርም እንዲሁ መጠየቅ ያሻል። ቀኙና ግራው ያለ ልዩነት የሚለዋወጡ ከሆነ አንድ አብነትና ሁለት ወኪሎች ይሆናሉ። አንዱ ለሌላው የመስተዋት ምስል ሆኖ የማይለዋወጥ ከሆነ ግን፣ በንግግር ሁለቱም «ድግር» ቢባሉም ቀኝ ድግርና ግራ ድግር ተብለው ለየብቻቸው ሊመዘገቡ ይገባል።

6. ቁርኝት

አባላት እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚያያዙ ለሶፍትዌሩ ይነገረዋል፤ ይህ ገጽ ከዚያ ገጽ ጋር ይጋጠም፣ ይህ ዘንግ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ይዋል እየተባለ ነው። ይህን «ማሰሪያ» ወይም «ማያያዣ» ማለት አይገባም። ወገልና ምራን ራሳቸው ማሰሪያዎች ናቸው፤ ክብደት፣ ዋጋና ሠሪ አላቸው፣ በዛፉም ላይ አባል ሆነው ይቆጠራሉ። ለሶፍትዌሩ የሚነገረው ግን ነገር ሳይሆን በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ዝምድና ነው። ስለዚህ «ቁርኝት» የተሻለ ነው።

ቁርኝት የሚመዘገብበት ደረጃ አለው። ወገልና ማረሻ ሁለቱም በእርፍ ግጣም ውስጥ ስላሉ ቁርኝታቸው በዚያው ይመዘገባል። ድግር ግን በእርፍ ግጣም ውስጥ ሆኖ ሳለ ከሞፈሩም ጋር ይያያዛል፤ ይህ ድንበር ተሻጋሪ ቁርኝት በሙሉ ማረሻው ደረጃ ይመዘገባል እንጂ በእርፍ ግጣም ውስጥ አይመዘገብም። ካልሆነ የእርፍ ግጣምን ለብቻው ለሌላ መሣሪያ ማዋል አይቻልም፤ የሄደበት ሁሉ ሞፈሩን ይጎትታል።

7. የፊደል ጉዳይ

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ የፋይልና የአባል ስም በራሳችን ፊደል መጻፍ የሚከለክል የፊደል እጥረት የለም። የቀረው የአጻጻፍ አንድነት ነው። «እርፍ» እና «ዕርፍ» ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ስሞች ናቸው። አንዱ ንድፍ ሠሪ በአልፋ፣ ሌላው በዐይን ቢጽፍ ዛፉ ሁለት አብነቶችን ይይዛል፣ የዕቃው ዝርዝርም አንዱን እርፍ በሁለት ተራ ይቈጥረዋል። በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠ፣ በጸና በፀ ላይ ያለውም ችግር ይኸው ነው። እንግዲህ ለረጅም ጊዜ የሊቃውንት ክርክር ሆኖ የቆየው የሞክሼ ሆሄያት ጉዳይ ዛሬ በብረት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። አንድ የሥራ ቡድን የትኛውንም አጻጻፍ ይምረጥ፤ የመረጠውን ግን ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይወስን፣ ከዚያም አይለውጥ።

8. ስለ አውኚ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ብዙው ሕዝብ አፉን የፈታው በአውኚ ነው፤ ቋንቋው በኢትዮጵያ ፊደል እየተጻፈ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ሆኗል። አውኚ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን የሆነ የአገው ቋንቋ ስለ ሆነ የቃል አመሠራረቱ ከአማርኛ የተለየ ነው። ከ«ገጠመ» «ግጣም» ማውጣት ለአማርኛ የተመቸውን ያህል ለአውኚ ላይመች ይችላል። ስለዚህ ከአዲስ ቅዳም፣ ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ወደ ሙያ ትምህርት ለሚመጣው ወጣት የአማርኛውን ቃል እንዳለ መጫን አይገባም፤ የሚተላለፈው ቃሉ ሳይሆን ልዩነቱ ነው። የገበሬውና የአናጺው የአውኚ ቃላት በቦታው ተሰብስበው፣ ክፍል፣ ግጣምና አባል የሚሉት ልዩነቶች በራሱ በቋንቋው ዘር ሊገለጹ ይገባል።

9. የቀረቡት ስያሜዎች

ክፍል (ነጠላ ክፍል)፦ ከዚያ በታች የማይፈታ አንድ ወጥ አካል።
ግጣም፦ ክፍሎች ወይም ሌሎች ግጣሞች ተገጥመው እንደ አንድ የሚቆጠሩበት።
ንዑስ ግጣም፦ በሌላ ግጣም ውስጥ አባል የሆነ ግጣም።
አባል፦ በአንድ ግጣም ውስጥ በቀጥታ የገባ ክፍል ወይም ንዑስ ግጣም።
አብነት፦ አንድ ጊዜ የተነደፈና ለተደጋጋሚ አገልግሎት የሚውል ዋና።
ወኪል፦ አብነቱ በግጣም ውስጥ በአንድ ሥፍራ የሚታይበት።
ዝርያ፦ ከአንድ አብነት ወጥቶ በተወሰነ መጠን ወይም ቅርጽ የተለየ።
ቁርኝት፦ የሁለት አባላትን አቀማመጥ የሚወስን ዝምድና።

እነዚህ ስያሜዎች የሚጸኑት በመዝገበ ቃላት ስለ ታተሙ ሳይሆን፣ መምህሩ በሰሌዳ ላይ፣ ተማሪው በዛፉ ላይ፣ አንጥረኛውም በማዘዣው ላይ በአንድ ትርጉም ሲያውሏቸው ነው። ከእነዚህ መካከል በሥራ ላይ ተፈትኖ የማይመች ቃል የተገኘ እንደ ሆነ፣ ባለሙያዎች የተሻለውን ቃል ከነምክንያቱና ከተሠራበት ምሳሌ ጋር ለዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ።